ቡናው አለቀ፤ እንግዶቹ ግን ገና አልገቡም

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ ከእናቴ ጋር ነው የማነበው፤ ይህን ደብዳቤ ግን ለእርሷም ሳልነግር ጻፍኩት።

የቢቸና ልጅ ነኝ። አሁን ባሕር ዳር ከተማ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን እማራለሁ፤ ሦስተኛ ዓመት ደርሻለሁ። ዘንድሮ ወደ ትምህርት ክፍላችን የተመደቡትን አዲሶችና ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በዝውውር የመጡትን ተማሪዎች እንድቀበልና እንዳለማምድ ተመረጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቡና አፈላን፣ ድፎ ዳቦ ቆረስን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ስቱዲዮውን አዞርናቸው፤ ፎቶም ተነሣን። ሁሉም እየሳቁ ወደየዶርማቸው ሄዱ።

ይኸው ስድስተኛ ሳምንታችን ነው። ከአዲሶቹ ግማሾቹ «እኔ የመረጥኩት ሕግ ነበር፤ ጋዜጠኝነት ደረሰኝ» እያሉ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ እንጂ ልባቸው የለም። የቀሩት ደግሞ በቴሌግራም እስከ እኩለ ሌሊት ይጠይቁኛል። የራሴን ንባብ የምጀምረው እነርሱ ሲተኙ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን በዝውውር ወደ እኛ ክፍል የገባችው ልጅ ነገር ነው። በዕድሜ ከእኛ በሦስትና በአራት ዓመት ትበልጣለች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። ሁልጊዜ ከኋላ ትቀመጣለች። በቅርቡ በቡድን የ15 ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት እንድንሠራ ታዘዝን። እኔና ሦስቱ ጓደኞቼ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አንለያይም። መምህራችን «አምስተኛ ሰው ጨምሩ» ሲለን ጓደኞቼ «እርሷ ከገባች ውጤታችን ይወርዳል፤ አነጋገሯም ለሬዲዮ አይሆንም» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ዘወር ስል በሩ ላይ ቆማለች። መስማቷን እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰላም ስላት «ደኅና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ታልፈኛለች። ለብቻዬ ልሥራ ብላ መምህሩን መጠየቋንም ሰማሁ።

ጓደኞቼን ማስቀየም አልፈልግም፤ እርሷን ሳይ ደግሞ አንገቴን እደፋለሁ። ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ላስረክብ ይሆን? ምን ይመክሩኛል?

ዝም ያለችው፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ልጄ፣ ስለ ቴሌግራሙ ጽፈሻል፣ ስለ ጥናትሽ ጽፈሻል፣ ስለ ጓደኞችሽም ጽፈሻል። ከደብዳቤሽ ግርጌ የፈረምሽበት ስም ግን ከሁሉ በላይ የከነከነሽ የትኛው እንደሆነ ነገረኝ። ስለዚህ ከበሩ ልጀምር።

ያን ጊዜ ዝም ያሰኘሽ ምን ነበር? ጓደኞችሽ ትክክል ናቸው ብለሽ በልብሽ ስለተስማማሽ ነው? ወይስ ብትናገሪ «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?» ይሉኛል ብለሽ? ወይስ ቃል እየፈለግሽ ሳለ ጊዜው አመለጠሽ? ለእኔ መልስ እንድትሰጪኝ አይደለም። ሦስቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ፈርተሽ ከሆነ ነገሩ በአንቺና በጓደኞችሽ መካከል ነው። ቃል አጥተሽ ከሆነ ቃሉን አሁን ፈልገሽ መናገር ትችያለሽ፤ አልረፈደም። ተስማምተሽ ከሆነም ለራስሽ አትደብቂው። ደግሞ እወቂ፤ እኛ ሰዎች በየበሩ ዝም እንላለን። እኔም ብያለሁ።

ጓደኞችሽን በክፉ አልፈርድባቸውም። ውጤት የሚያስጨንቃቸው ምናልባት ከኋላቸው የሚጠብቃቸው ቤተሰብ ስላለ ነው። ለሁለት ዓመት የተለማመዳችሁትን የሥራ አካሄድ ባዕድ ሰው ቢያፈርስብንስ ብለው ይሰጋሉ፤ የሚገባ ስጋት ነው። የአነጋገሩን ነገር ግን አልቀበላቸውም። እኛ የጎጃም ሰዎች አዲስ አበባ ስንገባ አነጋገራችን ስንት ጊዜ ተቀልዶበታል? እኔ በወጣትነቴ ሬዲዮ ጣቢያ ስቀጠር አንድ አለቃ በሰው ፊት አነጋገሬን ደግመው ሲያሾፉብኝ ሳምንት ሙሉ አፌን ከፍቼ ማንበብ አቅቶኝ ነበር። ከዚያችው ከተማችሁ የሚያሰራጨው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጥኛና በኦሮምኛ ፕሮግራም እንደሚያቀርብ ጓደኞችሽ ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። ለሬዲዮ የሚሆን ድምፅ ማለት አድማጭ የሚገባውና የሚያምነው ድምፅ ነው። ቃል መጣል፣ ትንፋሽ መቆጠብ፣ ማይክሮፎን አለመጠጋት፣ እነዚህ ሁሉ በልምምድ የሚገኙ ናቸው፤ እናንተም የተማራችሁት እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። መጀመሪያ ልለምንሽ የምፈልገው ከዚህ በኋላ «እንዴት ነሽ?» ብለሽ እንዳትጠይቂያት ነው። ክፉ ጥያቄ ሆኖ አይደለም፤ መልሱ አልቆባት ነው። ለብቻዋ ስታገኚያት፣ ሰው በሌለበት፣ አጭር አድርገሽ ንገሪያት፦ «ያን ቀን ስለ ቡድኑ የተባለውን ሰምተሽ ከሆነ እኔም እዚያ ነበርኩ፤ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። ልክ አልነበርኩም።» እዚያ ላይ አቁሚ። «ይቅር በይኝ» ብለሽ መልስ አትጠብቂ፣ አታልቅሺ፣ «እነርሱ እኮ ክፉ ሆነው አይደለም» ብለሽ ጓደኞችሽን ልታስተባብዪ አትሞክሪ። ያን ካደረግሽ እርሷ አንቺን ልታጽናና ነው፤ ሌላ ሸክም ትጭኚባታለሽ። ባትሰማ ኖሮስ? ብትዪ፣ ስድስት ሳምንት ከኋላ የተቀመጠች ሴት ቃሉን ባትሰማ እንኳን ነገሩን ታውቀዋለች።

ሌላም ነገር አለ። ከየት መጣሽ፣ ለምን ለቀቅሽ፣ እዚያ ምን ሆነ እያልሽ አትጠይቂያት። በዝውውር የሚመጣ ተማሪ አንዱ በሕመም፣ አንዱ በቤተሰብ፣ አንዱ ትምህርቱ ተቋርጦበት ይመጣል፤ ለሁሉም የሚነገር ታሪክ አይደለም። ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ደግሞ አመል አለበት፤ አዲስ ሰው ሲያይ ቃለ መጠይቅ ያምረዋል። ልምምድሽን በእርሷ ላይ አትጀምሪ። ልትነግርሽ ስትፈልግ ትነግርሻለች።

ቀጥሎ የምልሽ ከራሴ የመጣ ነው። ያ አለቃ ካሾፉብኝ በኋላ ጣቢያው ውስጥ ወር ያህል እንደ ዕቃ ተቀምጫለሁ። ሁሉም ደግ ነበሩ፤ ሻይ ይጋብዙኛል፣ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ይሉኛል። አልለመድኩትም። አንድ ቀን አንድ የቴክኒክ ሠራተኛ ሁለት እጁ ተይዞበት «ነይ፣ ይህን ካሴት ያዥልኝ፤ ስጠቁምሽ አጫውቺው» አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አጫወትኩ። ከዚያ በኋላ ስሄድ ስመጣ በስሜ ይጠራኝ ጀመር፣ ሲቸኩልም ይቆጣኝ ጀመር። በተቆጣኝ ጊዜ ነው ቤተኛ መሆኔን ያወቅሁት። አስቢው፤ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ወንበሩ ይወለወልለታል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ጥሩው እንጀራ ይቀርብለታል። ቤተሰብ የሚሆነው ግን «እስኪ ያችን ማሰሮ አቀብለኝ» ያሉት ቀን ነው። እናንተ ቡናውን አሳምራችሁ አፍልታችኋል። ማሰሮውን ግን እስካሁን ለማንም አላቀበላችሁም።

ለልጅቷ እርዳታ ሳይሆን ሥራ አቅርቢላት ማለቴ ነው። እውነተኛ ሥራ፣ ያለእርሷ የማይሆን ሥራ። ምን ሊሆን ይችላል? እኔ ባሕር ዳርን ከሩቅ ሳስባት አንድ ነገር ይታየኛል። ለአንቺ ጣና ላይ የሚሄደው የደንገል ታንኳ የግድግዳ ሥዕል ሆኗል፤ ዓይንሽ ያየዋል፣ ልብሽ ግን አይጠይቅም። ለእርሷ አዲስ ነው። ደንገሉን ማን ያጭደዋል? አንድ ታንኳ ውኃ እስኪጠጣና እስኪከብድ ስንት ጊዜ ያገለግላል? እምቦጭ ሐይቁን ከወረረ ወዲህ ዓሣ አጥማጁ መረቡን የት ይጥላል? አምባዛና ቆሮሶ ከባለ ታንኳው እጅ ወጥቶ ምግብ ቤት እስኪገባ ዋጋው በስንት እጅ ያልፋል? የአገሩ ልጅ እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ያፍራል፤ «ይህን እንኳን አታውቂም?» ይሉኛል ብሎ። እንግዳ ግን ያለ ሀፍረት ይጠይቃል። የ15 ደቂቃ ዝግጅታችሁ ከእርሷ ጥያቄ ቢነሣ፣ ጥያቄዎቹንም በራሷ ድምፅ ብትጠይቅ፣ አድማጩ ከእርሷ ጋር አብሮ ይማራል። ይህ ለእርሷ ሲባል የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ ዝግጅቱ ራሱ ይሻላል። ጓደኞችሽን የምታሳምኚውም በዚህ እንጂ «ታሳዝናለች» በማለት አይደለም። ታሳዝናለች ካልሽማ አንድ ሳምንት አዝነው ይረሷታል።

ይህ ነገር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የጎጃም የቅኔ ቤቶች በዝውውር ተማሪ የኖሩ ናቸው። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይመጣል። ማንም የአቀባበል በዓል አያደርግለትም። ግን ጎጆ ሲሠራ የቀደሙት ተማሪዎች ማገር ያቀብሉታል፤ ገና ጀማሪ ከሆነም ከእርሱ ቀድሞ የገባው ያስጠናዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የዋሸራ ቤት፣ የጎንጅ ቤት፣ የዋድላ ቤት እየተባለ የቅኔው መንገድ ይለያያልና ከአንዱ ቤት ተነሥቶ ወደ ሌላው የተሻገረ ተማሪ «የጎደለው» አይባልም፤ ሁለት ቤት የዋለ ነውና ይከበርበታል እንጂ። ይህች ልጅም ሁለት ቤት የዋለች ናት። ዜና አጻጻፍን ከሌላ መምህር ተምራለች፣ ምናልባትም እናንተ ገና ያልነካችሁትን መሣሪያ ነክታለች። እስካሁን «ምን ጎደለሽ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል። «እዚያ ምን ሠርታችሁ ነበር? እንዴት ነበር የምትቀርጹት?» ያላት ሰው ይኖር ይሆን?

ከኋላ የምትቀመጥበት ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል፤ ቅር ከመሰኘት ጋር የማይገናኝ ምክንያት። በዝውውር የመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ የቀድሞ ኮርሶቹ ሁሉ አይያዙለትም። ጥቂቱ ይቆጠራል፣ ጥቂቱ ይቀራል፤ ስለዚህ ጠዋት ከሁለተኛ ዓመቶች ጋር፣ ከሰዓት ከእናንተ ጋር ይማራል፤ የእኔ የሚለው ክፍል የለውም። ከሬጅስትራር የሚጠበቅ ወረቀት ከዘገየ ደግሞ ተመዝግቤያለሁ ወይስ አልተመዘገብኩም እያለ በስጋት ይሰነብታል። ይህን ስትነግርሽ «እኔ እጨርስልሻለሁ» አትበዪ፤ «አብሬሽ ልሂድ?» በያት። ትራንስክሪፕቷን፣ የተማረቻቸውን ኮርሶች ዝርዝር መግለጫና ክሬዲታቸውን ይዛ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ትሂድ፤ የትኛው ኮርስ እንደተያዘላትና የትኛውን መድገም እንዳለባት በጽሑፍ ትጠይቅ። በቃል የተነገረ ነገር ኃላፊ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። የቀሩት የዝውውር ተማሪዎችም እንዲሁ ያድርጉ፤ ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻው ጊዜ አልፎ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለውን መንፈቅ ሳይጠብቁ ከአሁኑ ይጀምሩ።

ከጓደኞችሽ ጋር ስትነጋገሪ አራታችሁ ተሰብስባችሁ ሳይሆን መጀመሪያ ከሦስቱ ለስላሳዋን ለብቻዋ አናግሪ። ሁሌም አንዷ አለች፤ ያን ቀን ንግግሩን የጀመረችው አይደለችም። የታንኳውን ሐሳብ ንገሪያት፣ ለአምስት ሰው ሥራውን እንዴት እንደምትከፋፍሉት በወረቀት አሳያት፦ ማን ያስተባብራል፣ ማን ይጠይቃል፣ ማን ይጽፋል፣ ማን ያነባል፣ ማን ያቀናብራል። መምህራችሁንም የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ሊያርምላችሁ ይችል እንደሆነ ጠይቂ፤ ከቻለ የውጤቱ ስጋት ይቀልላል። ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ቢሉስ? ያኔ ከእርሷና ከሌላ የዝውውር ተማሪ ጋር የራስሽን ቡድን ልትመሠርቺ ትችያለሽ። ማስፈራሪያ አድርገሽ አታንሺው፤ ቡድኑን ከመሠረትሽ ግን በፈገግታ አድርጊው። በአንድ የክፍል ሥራ ተለያይቶ የሚቀር ጓደኝነት ስንት ዓመት ይዘልቅ ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ? የእናንተ እንዲያ ደካማ አይመስለኝም።

«ደረሰኝ» ስለሚሉት አዲሶች አጭር ልበል። ስለ ሙያው ክቡርነት ንግግር አታድርጊላቸው። ሕግ ፈልጎ ያጣ ልጅ ኀዘን ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብተሽ ስለ ሠርግ አታወሪም። ይልቅ «ከሕግ ምኑን ነበር የወደድከው?» በይው። ክርክሩን ከሆነ፣ ፍትሕ ካጣ ሰው ጋር መቆሙን ከሆነ፣ የፍርድ ቤት ዘገባ የሚባል ሥራ እንዳለ ያን ጊዜ ንገሪው፤ ግልጽ ችሎት ገብቶ ይቀመጥና ያየውን ግማሽ ገጽ ይጻፍ። ጋዜጠኝነትን ባይወደውም አንድ የሚጠላው ሰኞ ይቀንስለታል።

አሁን ወደ ድካምሽ። እስከ እኩለ ሌሊት መልስ የምትሰጪው ለስንት የተለያየ ጥያቄ ነው? ግምቴን ልንገርሽ፤ ለአሥር ያህል። ያው ጥያቄ በተለያየ ሰው ይመጣል። ቁጭ ብለሽ ሰብስቢያቸውና በአንድ ገጽ ጻፊያቸው፤ ጽሑፉን ራሳቸው አዲሶቹ ይሥሩት፣ አንቺ እርሚው። ይህም ማሰሮ ማቀበል ነው። የስቱዲዮ ቁልፍ ከማን እንደሚወሰድ፣ መቅረጸ ድምፅ ስንት ቀን ሊያቆዩ እንደሚችሉ፣ ዜና ሲጻፍ ዋናው ነገር ለምን ከላይ እንደሚቀመጥ፣ የሬጅስትራር ሰልፍ በየትኛው ሰዓት እንደሚያጥር። ከሁሉ በፊት ደግሞ የትብብር ደብዳቤ። አዲስ ልጅ ለቃለ መጠይቅ መሥሪያ ቤት ሲሄድ በር ላይ ይመለስና ሙያው ላይ ያመርራል። መረጃ የመጠየቅ መብት በአዋጅ 590/2000 ተደንግጓል፤ በር ላይ ያሉት ጥበቃ ግን አዋጁን አላነበቡትም፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው የሚያነቡት። ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤውን አስጽፈው፣ መታወቂያ ይዘው፣ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይሂዱ።

ገጹ ካለቀ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ አንድ የታወቀ ቦታ ተቀመጪ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክሽን ዝጊ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ልጅ ብትይዙ ደግሞ አንቺ ሁሉንም ባልተሸከምሽ ነበር። ብቻሽን የተሸከምሽው ማንም እምቢ ብሎሽ ነው ወይስ ሳትጠይቂ? ከእነዚህ ልጆች መካከል ምግብ የተወ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከዶርም የማይወጣ ካለ ግን እርሱ የአንቺም የጓደኛሽም ሥራ አይደለም፤ ዕለቱኑ ወደ ተማሪዎች የምክር አገልግሎት አብረሽው ሂጂ፣ ወይም ለምታምኚው መምህር ንገሪ።

ኃላፊነቱን ላስረክብ ወይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን እስከዚህ የሬዲዮ ሥራ ማብቂያ እቆይ ነበር። ከዚያ በኋላ ብታስረክቢ ነውር የለበትም። የምታስረክቢለት ሰው ቢጠፋ የዝውውሯን ልጅ ጠይቂያት፤ አዲስ መሆን ምን እንደሚመስል ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እሺ ላትል ትችላለች። አሁንም ለብቻዬ እሠራለሁ ልትል ትችላለች፤ ያኔ አትወትውቻት፣ የምትቀርጽበት መሣሪያ እንዳላት ብቻ ጠይቂያት።

እሺ ካለች ግን ወደ ሐይቁ በጠዋት ሂዱ፤ ባለ ታንኳዎቹ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ለወሬ ጊዜ የላቸውም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብርድ አለና ጋቢ ያዙ። የሐይቁ ነፋስ ማይክሮፎን ውስጥ ገብቶ እንደ ባጃጅ ያጓራል፤ ስፖንጅ ከሌላችሁ ካልሲ አልብሱት። የታጠበ ካልሲ።